የስፖርት አውቶሞቢል ሞተር ሁለት ሙቀቶች
ስለ ራዲያተር ውሃና ስለ ሞተር ዘይት ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ትምህርት

የሞተር ዘይት፤ ኩላንት፤ የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታት በአውቶሞቢል መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ናቸው። ዋጋቸው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ያለ ቦታቸው የገቡ እንደ ሆነ የሚያደርሱት ጉዳት ሙሉውን ሞተር እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ይህ አደጋ በማናቸውም አውቶሞቢል ላይ ያለ ቢሆንም፤ ኃይሉ በበዛና ዙሩ በፈጠነ የስፖርት አውቶሞቢል ላይ ይበልጥ ይጎላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው፤ ዕቃውን አስመጥቶ በመደርደሪያ ላይ ከማኖር አስቀድሞ የዕቃውን ሥራ ማወቅ ለነጋዴው ስምና ለደንበኛው ንብረት ይበጃል።

ከዚህ በታች የሚቀርበው ትምህርት በተለይ አንድ ነገር ለማስረዳት የታሰበ ነው፤ ይኸውም በሞተር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሙቀቶች መኖራቸውን፤ የውሃው ሙቀት ደኅና መሆኑም የዘይቱ ሙቀት ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አለመሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር፤ የሙቀቱም ልክ በሴንቲግሬድ ነው።

1ኛ/ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ

ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል። ፒስተኑና ቴስታታው የሚሠሩበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ብረት ነው፤ ሳይቀልጥም ገና ብዙ ቀደም ብሎ ጥንካሬው ይደክማል። እንግዲህ ሞተር ጤናውን ጠብቆ የሚሠራው ሙቀቱ ያለማቋረጥ ስለሚወሰድለት ብቻ ነው።

በጠቅላላ ግምት ከቤንዚኑ ኃይል ሲሦው ያህል መንኰራኵሩን ወደሚያዞር ሥራ ይለወጣል፤ ሲሦው በጭስ ማውጫ በኩል ይወጣል፤ የቀረው ሲሦ ደግሞ በውሃው፤ በዘይቱና በሞተሩ አካል አማካይነት ወደ አየር መውጣት አለበት። ከዚህም የተነሣ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ ሊወገድለት የሚገባው ሙቀት ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ከሚያወጣው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በ2005 ወደ ገበያ የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን የተባለው አውቶሞቢል 1,001 የፈረስ ጉልበት ስለ ነበረው ለዚሁ ሥራ 10 ራዲያተሮች ተሠርተውለታል። አብዛኛው ተራ አውቶሞቢል ግን ሞተሩን በአንድ ራዲያተር ያቀዘቅዛል።

2ኛ/ የውሃው ሥራ

ውሃ ሙቀትን በመሸከም ረገድ ተወዳዳሪ የሌለው ፈሳሽ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ ግራም ዘይት ከሚወስደው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ የሚዘዋወረው እርሱ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ ውሃው እንደ አሠራሩ ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ሲደርስ መንገዱን ይከፍታል። ይህ መሣሪያ በትክክል የሚሠራ ከሆነ የውሃው ሙቀት ከወሰኑ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል።

ውሃ ብቻውን ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት። በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፤ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረትንም ያዝጋል። እነዚህን ጉድለቶች ለማስቀረት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽና ዝገትን የሚከለክሉ ቅመሞች ይጨመሩበታል። ውሃና ግላይኮል እኩል በእኩል ቢቀላቀሉ ድብልቁ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የሚፈላውም በ107 ወይም በ108 ዲግሪ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በረዶ በማይጥልበት አገር ኩላንት አያስፈልግም ብለው የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ ይጨምራሉ። ይህ አስተያየት ከሦስቱ ጉድለቶች መካከል አንደኛውን ብቻ የተመለከተ ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን በሙቀት ኃይል ከብረቱ ላይ እየተጣበቀ፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ያለ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱም ሙቀቱ ከብረት ወደ ውሃ እንዳይተላለፍ ያግዳል። አሉሚኒየሙም እየተበላ ይሄዳል። የተራ አውቶሞቢል ሞተር ይህን በደል ጥቂት ዓመታት ይታገሠው ይሆናል፤ የውሃ መተላለፊያው ጠባብ፤ ሙቀቱም ብርቱ የሆነው የስፖርት ሞተር ግን አይታገሠውም።

በሌላ ወገን ግላይኮሉን ማብዛትም ስሕተት ነው። ግላይኮል ሙቀትን የመሸከም ችሎታው ከውሃ ያነሰ ስለ ሆነ፤ ብዙ ሲጨመር ድብልቁ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉን ይቀንሳል። በአንዳንድ የእሽቅድምድም ሜዳዎች ጭራሹን ግላይኮል ያለበት ኩላንት አይፈቀድም፤ ምክንያቱም መንገዱ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ እጅግ ስለሚያንሸራትት ነው። በዚያ የሚወዳደሩት ሰዎች በንጹሕ ውሃ ላይ የዝገት መከላከያ ቅመም ብቻ ይጨምራሉ።

3ኛ/ የራዲያተር ክዳንና የአገር ከፍታ

ይህ ክፍል በደጋ አገር ለሚነግድ ሰው ልዩ ጥቅም አለው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠረፍ ላለ አገር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ክብደት እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀደም ሲል እንደ ተገለጸው ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ነውና፤ ግፊት የማይዝ ክዳን የተገጠመለት ሞተር በአዲስ አበባ ገና መሥራት ወደሚገባው ሙቀት ሲደርስ ውሃው መፍላት ይጀምራል ማለት ነው።

ይህን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ መክደኛ ብቻ ሳይሆን በልክ የተሠራ የግፊት በር ነው፤ በላዩም 0.9 ወይም 1.1 ባር፤ ወይም በእንግሊዝ ልክ 13 ወይም 16 የሚል ቍጥር ይታተምበታል። አንድ ባር የሚይዝ ክዳን የተገጠመ እንደ ሆነ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠረፍ በ120 ዲግሪ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ116 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በክዳኑ ምክንያት በአዲስ አበባ የሚገኘው ትርፍ 24 ዲግሪ ያህል ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ምንጩ የላላ ክዳን ይህን ትርፍ ሁሉ ያስቀራል። በዚህ ጊዜ ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቴስታታው ውስጥ ኪስ ይሠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ ስለማይወስድ ብረቱ በዚያ ቦታ ይግላል፤ በመጨረሻም ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል ወይም ቴስታታው ይጣመማል። የዚህ ሁሉ መነሻ በጥቂት ብር የሚገዛ ክዳን ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

አየሩም በዚያ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ አየር ወደ አንድ አምስተኛ የሳሳ ስለ ሆነ በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በደጋ አገር ኃይሉም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳዩ ይካካሳል። ተርቦ ያለው የስፖርት ሞተር ግን አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ ኃይሉን አብዛኛውን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሳይቀንስ ማቀዝቀዣው ይደክምበታል።

4ኛ/ የዘይቱ ሥራ

ዘይት ለማለስለስ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ውሃው ሊደርስበት ወደማይችል ቦታ ሁሉ እየገባ ያቀዘቅዛል። በብዙ የስፖርት ሞተሮች ውስጥ ከታች ወደ ፒስተኑ ሆድ ዘይት የሚረጩ ትናንሽ ቧንቧዎች አሉ። የኩሽኔታዎቹና የተርቦው ዘንግ ሙቀትም በዘይት ይወሰዳል። ስለዚህ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ለረዥም ጊዜ ሲሠራ ዘይቱ ከውሃው ይልቅ ይሞቃል፤ የዘይቱንም ሙቀት እንደ ውሃው በወሰን የሚጠብቅ መሣሪያ ሁልጊዜ አይኖርም።

የዘይት ዋና ጠባዩ በሙቀት ብዛት መቅጠኑ ነው። 5 ደብልዩ 40 የሚባለው የተለመደ ዘይት በ40 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱ ወደ 85 ሴንቲስቶክ፤ በ100 ዲግሪ ወደ 14፤ በ130 ዲግሪ ደግሞ ወደ 8 ይሆናል። ይኸው ዘይት እንደ አዲስ አበባ ማለዳ ባለ በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ350 ሴንቲስቶክ ይበልጣል። ይህም ማለት አንዱ ዘይት በማለዳና በብርቱ ጉዞ መካከል ከ40 እጥፍ በላይ ይቀጥናል ማለት ነው። እጅግ ሲወፍር ቶሎ ወደ ኩሽኔታው አይደርስም፤ እጅግ ሲቀጥን ደግሞ በሚሽከረከረው ብረትና በኩሽኔታው መካከል ያለውን ስስ ሽፋን ሊይዝ አይችልም። በሁለቱም መንገድ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

ከዚህ የተነሣ ለብዙ የስፖርት ሞተሮች እንደ መመሪያ የሚያዙት ወሰኖች እነዚህ ናቸው። ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ ሞተሩን ወደ ከፍተኛ ዙር ማድረስ አይገባም። ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ያለው ደኅና የሥራ ሙቀት ነው፤ 100 ዲግሪ አካባቢ መድረሱም በዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመውን እርጥበትና ቤንዚን ስለሚያስወጣ ጠቃሚ ነው። ከ130 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነጂው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። 150 ዲግሪ ከደረሰ ለአብዛኛው ሞተር አደጋ ነው። ይሁን እንጂ ሠሪው ፋብሪካ በመጽሐፉ የጻፈው ወሰን ከዚህ ጠቅላላ መመሪያ ይቀድማል።

ዘይት በሙቀት ይቀጥናል ብቻ ሳይሆን ያረጃልም። በሥራ የተለመደው ሒሳብ እንደሚያስረዳው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀን በእሽቅድምድም ሜዳ የዋለ ዘይት ለብዙ ወራት በከተማ ከተነዳው ዘይት ይልቅ ሊደክም ይችላል።

5ኛ/ ከፋብሪካዎች ሥራ የተወሰዱ ምሳሌዎች

ዘይት ለማቀዝቀዝ ምን ያህል እንደሚያገለግል በሽቱትጋርት ከተማ የሚገኘው የፖርሼ ፋብሪካ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው። በ1963 በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየውና በ1964 መሠራት የጀመረው ፖርሼ 911 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን የራዲያተር ውሃ አልነበረውም። ሲሊንደሮቹ በቬንቲላተር አየር ይቀዘቅዙ ነበር፤ ከሙቀቱም ብዙውን ክፍል የሚሸከመው ዘይቱ ነበር። ስለዚህ ዘይቱ የሚኖረው በተለየ ጋን ውስጥ ሆኖ መጠኑ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ነበር፤ በነጂውም ፊት የዘይት ሙቀት መለኪያ ተተክሎ ነበር። ኋላ ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ በፊት በኩል ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ተሠራለት፤ ዘይቱም ወደዚያ የሚያልፈው 85 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሚከፈት ቴርሞስታት ነበር።

ይህ አሠራር ከ30 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ1997 በወጣው አዲስ ሞዴል በውሃ ማቀዝቀዝ ተተካ፤ በአየር የሚቀዘቅዘውም 911 በ1998 መሠራቱ አበቃ። ለለውጡ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ሲደረግ በቫልቮቹ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ በአየር ብቻ ሊቀዘቅዝ አለመቻሉ ነው። የጭስና የድምፅ ሕጎች መጥበቃቸውም ሌላው ምክንያት ነበር።

በአየር ከሚቀዘቅዘው 911 ጋር የተያያዘ ለባለ ሱቅ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የዚህ ሞተር ዘይት የሚለካው እንደ ሌላው አውቶሞቢል ሞተሩ ጠፍቶ ሳይሆን፤ ሞተሩ ሞቆና በዝግታ እየሠራ፤ አውቶሞቢሉም በተስተካከለ ቦታ ቆሞ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በቀዝቃዛ ሞተር ለክቶ ዘይቱ የጎደለ ስለሚመስለው አንድ ሁለት ሊትር ጨምሮ ይገዛል፤ የተረፈውም ዘይት በአየር ማስገቢያው በኩል ወጥቶ ሞተሩን ያጨሰዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሙኒኩ ቢ.ኤም.ደብልዩ ፋብሪካ በ2000 ያወጣው ኤም 3 ነው። 343 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ አውቶሞቢል በዙር መለኪያው ዙሪያ ትናንሽ መብራቶች ተደርገውለታል። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ መብራቶቹ በርተው ነጂው ከዝቅተኛ ዙር እንዳያልፍ ያሳስቡታል፤ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ እየጠፉ የተፈቀደውን ዙር እስከ 8,000 ድረስ ከፍ ያደርጉለታል። መብራቶቹን የሚያዝዛቸው የዘይቱ ሙቀት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ለዚሁ ሞተር የታዘዘለትም ዘይት 10 ደብልዩ 60 የተባለው ወፍራም ዘይት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ሼቭሮሌ ኮርቬት ለብዙ ዓመታት ለመንገድ 5 ደብልዩ 30፤ ለእሽቅድምድም ሜዳ ደግሞ 15 ደብልዩ 50 ዘይት ይታዘዝለት ነበር። ለ2019 ሞዴል ግን ፋብሪካው ሁለቱንም ትቶ ለሁለቱም ሥራ የሚያገለግል 0 ደብልዩ 40 ዘይት አዘዘ። ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ስሙ አንድ የሆነ አውቶሞቢል በተሠራበት ዓመት ብቻ የተለየ ዘይት ሊጠይቅ ይችላል።

6ኛ/ መለኪያው የሚናገረውና የማይናገረው

ብዙ ነጂዎች የውሃው መርፌ መካከል ላይ ከቆመ ሞተሩ ሞቋል፤ ደኅናም ነው ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ በሁለት ምክንያት ሊያሳስት ይችላል።

አንደኛ፤ ውሃው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲሞቅ ዘይቱ ግን ብዙውን ጊዜ እጥፍ ወይም ከእጥፍ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መርፌው መካከል በደረሰበት ደቂቃ ዘይቱ ገና 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያች ደቂቃ ሞተሩን በኃይል መንዳት ኩሽኔታዎቹን ይጎዳል።

ሁለተኛ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ነጂው በከንቱ እንዳይሠጋ በማሰብ መርፌው በሰፊ የሙቀት ወሰን ውስጥ ሳይነቃነቅ መካከል ላይ እንዲቆም አድርገው ይሠሩታል። ውሃው ከ80 ዲግሪ ተነሥቶ ከ100 በላይ ሲወጣ መርፌው ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ መነቃነቅ በጀመረ ጊዜም ለማዳን የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ምክንያት የስፖርት አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች ቍጥር የሚያሳይ የዘይትና የውሃ ሙቀት መለኪያ ለብቻው ገዝተው ያስገጥማሉ።

ከብርቱ ጉዞ በኋላም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይገባም። የውሃውና የዘይቱ ፓምፕ ሲቆም በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት መሄጃ ያጣል፤ በተርቦው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይትም ይቃጠልና እንደ ከሰል ይጋገራል። ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብሎ መንዳት ይህን ጉዳት ያስቀራል።

7ኛ/ ለአስመጪና ለባለ ሱቅ የሚጠቅሙ ምክሮች

ሀ) ዘይት በቍጥሩ ብቻ አይሸጥ። 5 ደብልዩ 40 የሚል ጽሕፈት የሚያስረዳው ውፍረቱን ብቻ ነው። አውቶሞቢል ሠሪዎች ዘይቱን መርምረው የሚሰጡት የፈቃድ ምልክት አለ፤ ለምሳሌ ፖርሼ «ኤ 40» የሚል ምልክት ይሰጣል። አስመጪው ከማዘዙ በፊት የደንበኞቹ አውቶሞቢሎች የሚጠይቁትን ምልክት ዝርዝር ቢይዝ በመጋዘን ተቀምጦ የሚቀር ዕቃ አያስመጣም።

ለ) ኩላንት በቀለሙ አይመረጥ። አረንጓዴ፤ ቀይ፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ሠሪው የጨመረው ማቅለሚያ ነው እንጂ ሁሉን የሚያስተባብር ሕግ የለውም። ቅመማቸው የተለያየ ኩላንቶች ሲቀላቀሉ የዝገት መከላከያ ኃይላቸው ይቀንሳል። ስለዚህ በቀለም ፈንታ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ደረጃ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሐ) ያልተበረዘውና ለመጠቀም የተዘጋጀው ኩላንት በመደርደሪያ ላይ ይለዩ። ያልተበረዘውን የገዛ ሰው የተጣራ ውሃ አብሮ መግዛት እንዳለበት ይነገረው።

መ) የራዲያተር ክዳን በአፉ ስፋት ብቻ አይሸጥ። በላዩ የታተመው የግፊት ቍጥር ከአሮጌው ጋር መስማማት አለበት። ከታዘዘው በላይ የሚይዝ ክዳንም ጎማውንና ራዲያተሩን ሊያፈነዳ ስለሚችል፤ የበለጠ ግፊት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

ሠ) ኩላንት መርዝ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን ኵላሊትን ያጠፋል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ተቀድቶ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ መሸጥና መቀመጥ ፈጽሞ የለበትም። ሕፃናትና እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ይኑር።

ረ) ሞተሩ በጋለ ጊዜ ክዳኑን መክፈት እጅግ አደገኛ መሆኑን ለገዢው ማስታወስ ይገባል። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ የነበረው ውሃ ወዲያው ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

8ኛ/ ስለ ወደፊቱ

ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት የዘይትና የኩላንት ንግድ ወዲያው ያበቃል ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት የገቡት ብዙ አውቶሞቢሎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከአዲስ አውቶሞቢል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ባለቤቶቻቸውም በአዲስ ሊተኳቸው ስለማይችሉ ሞተራቸውን ለመጠበቅ ይበልጥ ይተጋሉ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውም አውቶሞቢል ከሙቀት ጉዳይ ነጻ አይደለም። በ2019 የወጣው ፖርሼ ታይካን የሞተር ዘይት የማይለወጥለት የስፖርት አውቶሞቢል ነው፤ ነገር ግን ባትሪው በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ ከመጠን በላይ የሞቀ ባትሪም ኃይሉን ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚታዘዘው ኩላንት ለቤንዚን ሞተር ከሚሆነው የተለየ ሊሆን ስለሚችል አንዱን በሌላው ፈንታ መሸጥ አይገባም። እንግዲህ አስመጪዎች ለሚቀጥለው ትእዛዝ የዕቃ ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ፤ በአገር ውስጥ ያሉትን አውቶሞቢሎች በዓይነትና በተሠሩበት ዓመት ለይተው፤ ለእያንዳንዱ የታዘዘውን ዘይት፤ ኩላንትና ክዳን አብረው ቢመዘግቡ፤ ባለ ሱቆችም ከመሸጣቸው በፊት የአውቶሞቢሉን ዓመት ቢጠይቁ ለንግዱም ለደንበኛውም የሚጠቅም ይሆናል።